መሬት ስር 69 ቀን፦ የቺሊዎቹ 33 ሰዎች ጭንቀቱን በምን ቻሉት፣ ከወጡ በኋላስ ምን ነካቸው?

ስለ ስትረስ ሲወራ ሁሌ የሚቀርብልን ዝርዝር ነው። ስፖርት ስሩ፣ በጥልቀት ተንፍሱ፣ ሰው አናግሩ፣ አትጠጡ፣ አትቃሙ ምናምን። ውሸት ነው አልልም፣ ግን ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው ዝርዝር ትዝ አይለውም፣ ደግሞም ለአንዱ መድሃኒት የሆነው ነገር ለሌላው መሸሸጊያ ሲሆን እያየን ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ መጣሁ፣ የቺሊዎቹን ማዕድን ቆፋሪዎች። ከጉድጓዱ ስባ ካወጣቻቸው ካፕሱል እየወጡ ሲጨበጨብላቸው ብዙዎቻችን በቲቪ አይተናል፣ ከዛ በፊት ስር ሆነው ምን እንዳደረጉና ከጭብጨባው በኋላ ምን እንደገጠማቸው ግን ብዙም አይወራም፣ ለኔ ደግሞ ዋናው ወሬ ያለው እዛ ነው።

ነገሩ የሆነው ሐምሌ 29 ቀን 2002 ዓ.ም ነው፣ በፈረንጅ ኦገስት 5፣ 2010፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። ሰሜን ቺሊ አታካማ በረሃ ውስጥ ከኮፒያፖ ከተማ ወጣ ብሎ ሳን ሆሴ የሚባል ከመቶ አመት በላይ ሲቆፈር የኖረ የመዳብና የወርቅ ማዕድን አለ። ተራራው ከውስጥ ተናደና እየተጠማዘዘ ወደ ታች የሚወርደውን የመኪና መንገድ ዘጋው፣ የዘጋው ደግሞ በአካፋ የሚነሳ ፍርስራሽ ሳይሆን ባለ ብዙ ፎቅ ህንጻ የሚያክል አንድ ወጥ አለት ነው። ስር 33 ሰው ቀረ፣ 32ቱ ቺሊያዊ፣ አንዱ ካርሎስ ማማኒ የሚባል ስራውን ገና መጀመሩ የነበረ ቦሊቪያዊ። ትንሹ 19 አመቱ፣ ትልቁ ከ60 ያለፈ። ወደ 700 ሜትር ጥልቀት ላይ 50 ካሬ የምታህል የመጠለያ ክፍል አለች። በአየር ማስገቢያው ጉድጓድ እንውጣ ብለው ሞከሩ፣ ህጉ መሰላል ይኑር ይላል፣ መሰላሉ ግን እስከ ላይ አልተሰራም። (ከሶስት አመት ምርመራ በኋላ በፈረንጅ 2013 ማንም ሳይከሰስ ፋይሉ ተዘጋ፣ ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።)

የመጀመሪያው ሌሊት ምን ሆነ መሰላችሁ። መጠለያው ውስጥ ለሁለት ቀን ያህል ተብሎ የተቀመጠ ትንሽ ምግብ አለ፣ የቱና ቆርቆሮ፣ ብስኩት፣ ወተት። ገሚሱ መውጫ ፍለጋ ላይ እያለ ሌሎቹ የምግቡን ሳጥን ሰብረው ብስኩቱን በፓኬት በፓኬት በሉት፣ ወተቱንም ጠጡ። ስግብግብነት ይመስላል፣ ግን ምሳውን ያልበላ፣ ከሞት ለትንሽ ያመለጠ፣ ነገ ይኑር አይኑር የማያውቅ ሰው ነው፣ እንደዛ ሲሆን እጅ ራሱ ወደ አፍ ይሄዳል፣ እኛም ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ፍሪጅ ከፍተን የምንቆመው ሁሌ ርቦን አይደለም። እንዲህ ያለው ማስታገሻ ለአስር ደቂቃ በደንብ ይሰራል፣ ክፋቱ ሂሳቡ በኋላ መምጣቱ ነው፣ እዛ ጋ ደግሞ ሂሳቡን የሚከፍለው 33ቱም ነው።

በዛው ሰሞን ሌሎቹ የሚችሉትን ሁሉ እየሞከሩ ነበር። የመኪና ጎማ አቃጥለው ጭሱ ወደ ላይ ከወጣ ያዩናል አሉ፣ ፈንጂ አፈነዱ፣ የመኪና ክላክስ ነፉ። አልሰራም። እዚህ ጋ ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን የሚባሉት ሳይኮሎጂስቶች በፈረንጅ 1984 ያስቀመጡት ክፍፍል ይጠቅመናል። ሰው ጭንቀትን የሚቋቋመው ወይ ችግሩን ራሱን በመግጠም ነው ወይ ችግሩ የፈጠረበትን ስሜት በማስተዳደር። ብዙ ሰው የመጀመሪያው የጎበዝ፣ ሁለተኛው የሰነፍ ይመስለዋል፣ ግን አለቱን በእጅህ ማንሳት ካልቻልክ ቀኑን ሙሉ አለቱን መደብደብ ጉብዝና አይደለም፣ ጉልበትን መጨረስ ነው። እዛ ጉድጓድ ውስጥ የቀራቸው ስራ ስሜታቸውንና እርስ በርስ ያላቸውን ነገር መያዝ ነበር፣ በሱ በኩል የሰሩት ደግሞ በጣም የሚገርም ነው።

የሺፍቱ ሃላፊ ሉዊስ ኡርሱዋ ነጭ የአለቃ ሄልሜቱን አውልቆ ከአሁን በኋላ አለቃና ሰራተኛ የለም፣ ሁላችንም እኩል ነን አለ። አንዳንዶቹ ሃላፊነቱን ጣለው ብለው ቅር ብሏቸዋል፣ ቅሬታውም ይገባኛል፣ ጭንቅ ሲመጣ ሰው አለቃ ይፈልጋል። ግን ከዛ በኋላ ትልልቁ ነገር ሁሉ በድምጽ ብልጫ ሆነ፣ 17 ሰው የተስማማበት ያልፋል። ዝም ያለ ሰው እጁን ማውጣት አለበት፣ እጁን ያወጣ ሰው ደግሞ የተወሰነው ነገር የራሱ ይሆናል። የሰው ልጅ ጭንቀት ከሚብስበት ነገር አንዱ ምንም የምወስነው ነገር የለኝም የሚለው ነው፣ እነዚህ ሰዎች የሚወስኑት ነገር የአንድ ማንኪያ ቱና ጉዳይ ቢሆንም እንኳን ይወስናሉ።

ማንኪያ ካልን አይቀር፣ ራሽኑ ሁለት ማንኪያ ቱና፣ ግማሽ ብርጭቆ የማይሞላ ወተት፣ አንድ ብስኩት ነበር፣ እሱም በ48 ሰዓት አንዴ፣ መጨረሻ አካባቢ ከዛም ራቅ እያለ ሄደ። የሚጠጡት ለማሽኖቹ ተብሎ የተጠራቀመ ዘይት ዘይት የሚል ውሃ ነው። የሁሉም ድርሻ ተቀድቶ ሳያልቅ ማንም አይቀምስም። የቀኑን አቆጣጠር ሳየው አንድ ነገር ገረመኝ፣ እኛ ጋ ፍልሰታ ነበር፣ ነሐሴ 1 ተይዞ 16 የተፈታው፣ እነሱ ደግሞ ከላይ ያለው ሰው ያገኛቸው ልክ በዛው ነሐሴ 16 ነው። የነሱን ከጾም ጋር አላመሳስልም፣ ጾም ፈልገህ የምትገባበት ነው፣ ግን አብሮ ሰዓት ጠብቆ መብላት ረሃብን ምን እንደሚያደርገው የጾመ ሰው ያውቃል።

አሁን ወደምወደው ክፍል እንምጣ። ሆሴ ኤንሪኬዝ የሚባል ኢቫንጀሊካል አማኝ አለ፣ ሌሎቹ ፓስተር ይሉት ጀመር፣ በየቀኑ ይሰበስባቸውና ይጸልያሉ። ካቶሊክ አለ፣ ጴንጤ አለ፣ ቤተክርስቲያን ረግጦ የማያውቅ አለ። ቆይቶ ጸሎቱ ላይ አንድ ነገር ተጨመረ፣ አንድ በአንድ እየተነሱ ይቅርታ መጠየቅ። ትናንት ጮኼብሃለሁ ይቅርታ። ውሃ አምጣ ስባል ዝም አልኩ ይቅርታ። የምግቡን ሳጥን ከሰበሩት አንዱም ተነስቶ ሰው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ጠይቋል። በቃ። ማንም ስለ ልጅነቱ አልተጠየቀም፣ ማንም ስሜትህን ግለጽ አልተባለም። እኛ ጋ ቢሆን የሳጥኑ ነገር ሆድ ይፍጀው ተብሎ ተይዞ ከስንት አመት በኋላ ሰርግ ላይ ይወጣ ነበር። እዛ ግን 50 ካሬ ክፍል ውስጥ ቂም ይዞ መተኛት አይቻልም፣ ቂም ራሱ ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ የየቀኑን በየቀኑ እያራገፉ ነው ያደሩት። ብዙ ባለሙያ ስለ ጸሎቱ ያወራል፣ እኔ ግን ጸሎቱ ሰውን ሰበሰበ፣ የጠቀማቸው ይቅርታው ነው ባይ ነኝ፣ አማኝ አንባቢ ካለ ይቅር ይበለኝ።

ቪክቶር ሴጎቪያ የሚባለው ደግሞ ማስታወሻ ይጽፋል። የሆነውን ሁሉ፣ ጸቡን፣ ልጆቹን፣ ሞትን። ጄምስ ፔኔቤከር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከፈረንጅ 1980ዎቹ ጀምሮ በተደጋጋሚ ያሳየው ነገር ነው፣ የደረሰበትን ከባድ ነገር የሚጽፍ ሰው በጊዜ ሂደት ቀለል ይለዋል፣ መጀመሪያ ላይ ግን ሊከፋው ሁሉ ይችላል። ሴጎቪያ ይሄን አንብቦ አይደለም የጻፈው፣ የሚያወራው ሲያጣ ነው።

መልአክ ነበሩ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሶስት ቦታ ተከፋፍለው ነው የሚተኙት፣ መጠለያው፣ መንገዱ ዳር፣ እና 105 የሚሉት ቦታ፣ በመሃላቸውም ጉርምርምታ አይጠፋም። ማሪዮ ሴፑልቬዳ፣ በኋላ ከስር በተላከው ቪዲዮ ላይ የሚያወራው ወሬኛው ሰውዬ፣ አንዴ ሁሉን አነሳስቶ ያስቃል፣ ወዲያው ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ይገኛል። ከተኙበት አልነሳም ያሉ ነበሩ፣ የስንብት ደብዳቤ የጻፉም ነበሩ። በጣም ያሰቃያቸው ጸጥታው ብቻ አይደለም፣ የድሪሉ ድምጽም ነው። ከላይ አዳኞች እነሱን ፍለጋ የሚሰረስሩበት ድሪል እየቀረበ እየቀረበ ይመጣና በጎን አልፏቸው ወደ ታች ይሄዳል። ተስፋ ሰጥቶ የሚያልፍ ድምጽ ምን ያህል እንደሚጎዳ ቪዛ የጠበቀ ሰው ይገባዋል ብዬ አስባለሁ።

ነሐሴ 16 ንጋት ላይ አንዱ ድሪል 688 ሜትር ወርዶ መጠለያው አጠገብ ብቅ አለ። በያዙት ብረት ደበደቡት፣ ቀይ ቀለም ቀቡት፣ ወረቀትም አስረው ላኩ። ሆሴ ኦሄዳ በቀይ የጻፋት አጭር መልእክት 33ቱም መጠለያው ውስጥ ደህና ነን የምትል ናት፣ አገሩ ሁሉ በእንባ ተራጨ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ይቀልላል ብሎ የማያስብ የለም፣ ግን ጭንቀቱ መልኩን ቀየረ። ከ10 ሴንቲ ብዙም በማይበልጥ ቀዳዳ በቱቦ ምግብ፣ መድሃኒት፣ ደብዳቤ ይወርድላቸዋል። የጤና ሚኒስትሩ ሃይሜ ማኛሊች ከመስከረም ወሩ የነጻነት በዓላቸው በፊት እንደማትወጡ፣ ተስፋው ለገና እንደሆነ እወቁት ብሎ ነገራቸው፣ ሰዎቹም በሚገርም እርጋታ ተቀበሉት። እውነቱን ሰሙ፣ ሰው አልሞተም። ግን በዛው ሰሞን ከላይ ያለው ቡድን ደብዳቤዎችን እያነበበ የሚከብድ ወሬ ያለበትን ያስቀራል፣ ከሳይኮሎጂስት ጋር የዕለት ንግግር አንፈልግም ሲሉ ቲቪና ሙዚቃ እንደ ሽልማትና እንደ ቅጣት ይያዝባቸዋል። ቆፋሪዎቹ በጣም ተናደዱ፣ ልክም ነበሩ። 17 ቀን በሁለት ማንኪያ ቱና ራሱን ያስተዳደረ ሰው ከሚስቱ የመጣ ደብዳቤ ይከብደዋል ተብሎ ሲደበቅበት አስቡት። ሰውን ከመጥፎ ስሜት እንጠብቀው ብለን የምንደብቀው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው እኛን ነው፣ የኛን ፍርሃት። እኛ ጋም መርዶ እንዴት እንደሚነገር፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ የናቱን ሞት ስንት ወር ቆይቶ እንደሚሰማ እናውቃለን መቼም።

ሲጋራ ጠየቁ፣ መጀመሪያ የኒኮቲን ፓችና ማስቲካ ተላከ፣ በኋላ ሲጋራው ተፈቀደ። ወይን ጠየቁ፣ አልተፈቀደም። ከአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ከናሳ የመጡት ባለሙያዎችም በባዶ ሆድ ለከረመ፣ እዛ ጥበት ውስጥ ላለ ሰው አልኮል ይቅር ነው ያሉት። ሲጋራውን መፍቀዳቸው ብዙ ሃኪም ያስቆጣል፣ እኔ ግን ጥሩ ውሳኔ ነበር እላለሁ፣ ሱስ የሚተውበት ጊዜ አለው፣ 700 ሜትር ስር ተቀብረህ አይደለም።

በዚሁ ጊዜ ሚኒስትሩ አምስቱ የዲፕሬሽን ምልክት እንደሚታይባቸው ተናገረ፣ ለቤተሰብ በተላከው ቪዲዮ ላይ አልታዩም፣ ምግብም ደስ አላላቸውም። ለዚህ የተሰጠው መልስ ደስ ይላል፣ ቀንና ሌሊት ሰሩላቸው። መብራት እየበራና እየጠፋ ጠዋት እንዲኖር፣ ማታ እንዲኖር። ስራም ሰጧቸው፣ ደግሞ የማስመሰል ስራ አይደለም። ሰዎቹን የሚያወጣው ትልቁ ጉድጓድ ሲሰፋ ፍርስራሹ የሚወድቀው እነሱ ጋ ነው፣ ካላነሱት ጉድጓዱ ይዘጋል። ሶስት ቡድን ሆነው በስምንት ስምንት ሰዓት ሺፍት ጠረጉ። እያዳኗቸው ብቻ አይደለም፣ እየዳኑም እያዳኑም ነው። ዲፕሬሽን ላይ ያለ ሰው ዘመድ ካላችሁ አርፈህ ተኛ ከማለት በፊት ይሄን አስቡት።

ከ33ቱ አንዱን ለብቻው እንየው፣ ኤዲሰን ፔኛን። የኤልቪስ ፕሬስሊ ዘፈን አፍቃሪ ነው። መሬት ስር ሩጫ ጀመረ፣ ቦቲውን ቁርጭምጭሚቱ ጋ ቆርጦ፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ፣ በጨለማው ዋሻ፣ አንዳንዴ የእንጨት ፓሌት በገመድ ከኋላው እየጎተተ። ማዕድኑን በሩጫ እንደሚያሸንፈው ለራሱ እየነገረ ነው የሚሮጠው። በወጣ በወሩ ኖቬምበር 7፣ 2010 የኒውዮርክ ማራቶን ላይ ተጋበዘና ጉልበቱን እያመመው፣ ገሚሱን እየተራመደ በ5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጨረሰ። ይቺን ውድድር እኛም አንረሳትም፣ ገብሬ ገብረማርያም የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጦ ያሸነፈባት፣ ኃይሌ ጉልበቱን አሞት አቋርጦ እዛው ሩጫ በቃኝ ያለባት ናት፣ ብዙም ሳይቆይ ሃሳቡን ቀየረ እንጂ። በህመምና በንዴት መሃል የተባለ ነገር ላይ አንድ ሳምንት መተኛት ጥሩ ነው።

ወደ ፔኛ ስመለስ፣ ሩጫ የሚባለው ጤነኛ መላ ነው አይደል፣ ዝርዝሩ ላይ አንደኛ ነው። ግን በፈረንጅ 2011 ፔኛ ከመጠጥ ጋር ትግል ውስጥ ሆኖ ክሊኒክ ገባ። ምን ተፈጠረ? ስር እያለ ሩጫው ብቻውን አልነበረም፣ ሲመለስ የሚጠብቀው ሺፍት፣ ጸሎት፣ የሚቆጠር ማንኪያ አለ፣ አበድክ እንዴ የሚለው 32 ሰው አለ። ላይ ሲወጣ ሩጫው ሾው ሆነ፣ ካሜራ፣ ሆቴል፣ ቲቪ ላይ ዝፈንልን። የሚሸሸው ነገር አብሮት እየሮጠ ነበር ማለት ነው። ሩጫና መጠጥ እዚህ ጋ ተቃራኒ አይደሉም፣ ሁለቱም አለማሰቢያ መሆን ይችላሉ፣ አንዱ ልብ ያጠነክራል፣ አንዱ ጉበት ያበላሻል፣ ልዩነቱ ትልቅ ቢሆንም ሌሊት የሚመጣውን ህልም ግን ሁለቱም ብቻቸውን አልነኩትም።

ጥቅምት 3 ቀን 2003 (ኦክቶበር 13፣ 2010) እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ፍሎሬንሲዮ አቫሎስ መጀመሪያ ወጣ፣ በዛኑ ቀን ማታ ኡርሱዋ መጨረሻ ወጣ። ከዛ ስጦታው ዘነበ። አንድ ሃብታም ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ፔሶ ሰጣቸው፣ በጊዜው 10 ሺህ ዶላር ገደማ። ዲዝኒ ተወሰዱ፣ ኢየሩሳሌም ተወሰዱ። የስነ ልቦና ክትትል ተመድቦላቸው ነበር፣ ግን ቀጠሮውና በረራው ይጋጫል፣ ሰው ደግሞ በረራውን ነው የሚመርጠው፣ ማን አይመርጥም። ህልም፣ ድንጋጤ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጠባብ ቦታ መፍራት፣ ቤት ውስጥ መነጫነጭ መጣ። ወደ ማዕድን ለመመለስ የሞከረ አልቻለም፣ ሌላ ቦታ ስራ የጠየቀ ደግሞ አንተ ታዋቂ ነህ፣ ሚዲያ ታመጣብናለህ እየተባለ ይመለሳል። በኦገስት 2011 መንግስት ለ14ቱ፣ በእድሜ ለገፉትና በጣም ለታመሙት፣ የዕድሜ ልክ ጡረታ ወሰነላቸው።

ስር እያሉ የተስማሙት አንድ ነገር ነበር፣ ታሪካችንን ለየብቻ አንሸጥም፣ የሚገኘውን እኩል እንካፈላለን ብለው። ላይ ሲወጡ በታሪካቸው ስለሚሰራው ፊልም፣ ስለ ጠበቃው፣ ስለ ውሉ መጣላት ጀመሩ፣ አንዱ አንዱን ካደን አለ። ጥፋተኛ የተባለም የለም፣ ፋይሉ ተዘግቷል ብያችኋለሁ፣ ንዴታቸው የሚሄድበት ቦታ አጥቶ እርስ በርስ ተመለሰ።

እኔን ብትጠይቁኝ ትልቁ ስህተት የተሰራው ከጥቅምት በኋላ ነው። ስር ያቆማቸው ጥንካሬያቸው ብቻ አልነበረም፣ ሰዓት ነበር፣ ስራ ነበር፣ ድምጽ መስጠት ነበር፣ በየቀኑ ይቅርታ የሚባልበት ስብሰባ ነበር፣ ያን ሁሉ በአንድ ቀን ወስደው በምትኩ ገንዘብና ቲኬት ሰጧቸው፣ ሃኪሙንም ለየግል ቀጠሮ መደቡላቸው። እኔ ብሆን ጉዞውን አስቀርቼ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በየሳምንቱ 33ቱን ኮፒያፖ ውስጥ አንድ አዳራሽ እሰበስብ ነበር፣ ኤንሪኬዝ ይጸልይ፣ ሴጎቪያ ከማስታወሻው ያንብብ፣ ሳይኮሎጂስቱ ጥግ ላይ ይቀመጥ፣ የፊልሙም ውል እዛው በ17 ድምጽ ይወሰን።